እበት ያልነካው ግድግዳ

መሐንዲስ ከስራው ጡረታ ይወጣል እንጂ ከመሐንዲስነት ወጥቶ አያውቅም። ሐኪም ጡረታ ሲወጣ እንደማንኛችንም ዝም ብሎ ይታመማል። ዳኛ ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ገብቶ በሚስቱ ይረታል። መሐንዲስ ግን ጡረታ የወጣ ቀን አንድ ቢሮ ያስረክብና ሰፈሩን በሙሉ ይረከባል። ከዚያ ወዲያ በርህ የሱ ነው፣ ጣራህ የሱ ነው፣ የውሃ ጋንህ የተቀመጠበት ድንጋይ ሳይቀር የሱ ነው። አንተ ተከራይ ነህ።

እናንተም ሰፈር አለ፣ አውቃለሁ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ትናንት የጨረስከውን ግድግዳ የሚያይ። መጀመሪያ ምንም አይልም። በጣቱ አንጓ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ አንተን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ፣ ሬሳ አጠገብ እንደቆመ ሰው ቀስ ብሎ ይጠይቃል፦

«ማነው የሰራው?»

በገዛ እጅህ ብትሰራውም እኔ ነኝ አትልም። «አንድ ሰውዬ ነው» ትላለህ።

የሱዳኗ አትባራ ባቡር የወለዳት ከተማ ናትና እኛ ዘንድ መፍቻ የጨበጠ ሁሉ «ባሽሙሐንዲስ» ይባላል። ብስክሌት ጎማ የሚለጥፈው ባሽሙሐንዲስ ነው። ቧንቧ የሚሰራውም ባሽሙሐንዲስ ነው፣ ቧንቧው ቢያፈስም። እኔ እንኳን፣ ትምህርት ቤቱ ይተወኝ እኔ ልተወው ሳይለይ የቀረሁት፣ አንዴ ዝም ያለ ራዲዮ በጡጫ ብዬ ስላናገርኩ ያን ሰሞን በሙሉ ባሽሙሐንዲስ ተብያለሁ። ክቡር ባሽሙሐንዲስ ሲር አልኸቲም ግን የእውነቱ ናቸው። ተምረው፣ ተፈትነው፣ ማህተም ተመቶላቸው።

ወጣት ሳሉ የጦር ሰራዊት መሐንዲስ ነበሩ። ደቡብ ረግረጉ ውስጥ ለወታደር መንገድና ድልድይ ሲዘረጉ ነው ጺማቸው የወጣው። አንዱን ድልድይ ያልሰማ ሰው አትባራ ውስጥ የለም፣ ጆሮው የማይሰማውም በእጅ ተነግሮታል። ድልድዩ ተሰርቶ ባለቀ በክረምቱ ወንዙ ሐሳቡን ቀየረና በሌላ በኩል ሄደ። ድልድዩ ደረቅ ሳር ላይ ቀረ፣ ፍየል ይጠለልበታል አሉ። ሰው ይሄን እያነሳ ሲተርባቸው አይናደዱም። ጣታቸውን ብቻ ያነሳሉ።

«ድልድዩ አልወደቀም» ይላሉ። «ወንዙ ነው ጥሎት የሄደው።»

ከዚያ ወደ ባቡር መጡና በእንፋሎት ከሚሄዱት ጥቋቁሮች ጋር አረጁ። ስለነሱ ሲያወሩ ስለ ወንድሞቻቸው የሚያወሩ ነው የሚመስለው። እንፋሎት ሊሞት ሲል ይነግርሃል ይላሉ፤ ያቃስታል፣ ያልበዋል፣ ያስላል፣ አንተም ቀርበህ ምን ሆንክ ትለዋለህ። ናፍጣ ግን ሌባ ነው፣ ሳይሰናበትህ ይሄዳል። ጥቋቁሮቹ ባቡሮች ከጣቢያው ጀርባ ተገፍተው ዝገት ሲለብሱ እሳቸውም በዚያው ሰሞን ተሸኙ። ባቡሮቹ ዝም አሉ። እሳቸው አላሉም።

ሰርግ ቤት ሲመጡ ሙሽራውን ከመሳማቸው በፊት የድንኳኑን ገመድ ይነካሉ። አንዴ እንዲያውም ዋናው ገመድ አስተሳሰሩ አላማራቸውምና እንደ ወታደር ሊያስሩት ፈቱት። ድንኳኑ ሙሽራው፣ ሙሽሪትና ዘፋኙ ላይ ቁጭ አለ። ዘፋኙ ሸራው ስር ሆኖ ዘፈኑን ጨረሰ፣ ሙያ ማለት ይሄ ነው። እሳቸው አቧራቸውን አራግፈው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ባልፈታው ኖሮ ይወድቅ ነበር።»

ጎረቤታችን ሐሰብ አርረሱል፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ አዲስ ምድጃ ያሰራ ጊዜ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሊገዙ እየመጡ ምድጃውን አንኳኩተው ነበር የሚሄዱት። ይሄ ምድጃ ከረመዳን አያልፍም አሉት። ረመዳን አለፈ፣ ምድጃው አለ። ሐሰብ ደስ ብሎት በሩ ላይ ጠበቃቸው። «የትኛው ረመዳን አልኩህ?» ብለውት ዳቧቸውን ይዘው ሄዱ።

ቀብር ላይም አይምሩም። የአንድ ሽማግሌ ቀብር ላይ፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ፋቲሃ ሲቀራ እሳቸው ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩት። «ማነው የቆፈረው?» አሉ። መቃብር ቆፋሪው አካፋው ላይ ተደግፎ፣ «እኔ ነኝ ባሽሙሐንዲስ» አላቸው። «እስካሁን ቅሬታ ይዞ የተመለሰ የለም።»

እኔ የሰው አነጋገርና አኳኋን መምሰል ይሆንልኛል፤ እሳቸውን ደግሞ ከሁሉም አስበልጬ ነበር የምመስላቸው። አንድ ሰርግ ላይ እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ የሙሽራውን ጀርባ ኳ ኳ አድርጌ «ማነው የሰራው?» ስል ሰው ሳቀ፣ ሳቀና በአንዴ ጸጥ አለ። ዞር ስል ከኋላዬ ቆመዋል። መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር። እሳቸው ግን ዞረው ዞረው አዩኝና፣ «የቀኝ ትከሻህን ዝቅ አድርገው» አሉኝ። «እኔ የሚወርደው ቀኜ ነው። ከመጀመሪያው ጀምር።» እንደገና ሰራሁት። እንደ ፈታኝ ራሳቸውን ነቀነቁና ይሻላል ብለው ወደ ገመዶቹ ሄዱ።

የግድግዳቸው ነገር ግን ሌላ ነው።

አትባራ ቤቱ ጭቃ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እበትና ጭድ ከጭቃ ጋር ይቦካል፣ እስኪሸት ይተዋል፣ ከዚያ ግድግዳው ሁሉ ከውጭ ይመረግበታል። ዝናብ ሲመጣ በላዩ ተንሸራትቶ ይሄዳል። ያልተመረገ ግድግዳ ስኳር ማለት ነው። ይሄን ጡት የሚጠባ ልጅ ያውቃል። ባሽሙሐንዲስ ሲር አልኸቲም ግን እበት አይቀበሉም። ግድግዳ የሚቆመው በስሌት ነው፣ ላም ባራገፈችው አይደለም ባይ ናቸው። የሳቸው ግድግዳ በሳቸው ስሌት ነው የቆመው፤ ከስሩ ሰፋ፣ ወደ ላይ ጠበብ ያለ፣ የሚያምር ግድግዳ። ሁልጊዜ ዝናቡ ሲያልፍ ሰፈሩን ሰብስበው ያስመርቁታል።

«እበት ነክቶታል?»

«አልነካውም ባሽሙሐንዲስ» እንላለን በአንድ አፍ፣ መሬት መሬት እያየን።

«ቆሟል?»

«ቆሟል።»

ነክቶታላ። ሚስታቸው ሐጃ በቱል፣ አላህ ይዘንላት፣ በየዓመቱ እሳቸው ከቤት ወጣ ያሉ ቀን ጠብቃ ታስመርገው ነበር። ሰፈሩ እበቱን በጓሮ በር ያስገባል፣ ሴቶቹ ይመርጋሉ፣ ወንዶቹ ውሃ ያቀብላሉ፣ ሐሰብ አርረሱል ዳቦውን ጥሎ መንገድ ይጠብቃል። ሲያልቅ እሷ ራሷ ከላይ ስስ ጭቃ ታለብሰውና ምንም ያልነካው ይመስላል። ለሽታው ደግሞ ሽንኩርትና አሳ ትጠብሳለች፣ ሰፈር የሚያስነጥስ ጥብስ። አንዴ ለምን አትነግሪያቸውም ብላት ሳቀችብኝ። «እሱ ስሌቱን ይወዳል» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ግድግዳዬን። ሁለታችንም ያለን ይበቃናል።»

ሐጃ በቱል ብርድ በገባ ጊዜ ሞተች።

ቀብሯ ላይ ባሽሙሐንዲስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። ጎንበስ አሉ። ቆፋሪው አካፋውን ይዞ ጠበቀ፣ ሁላችንም ጠበቅን። ምንም አልጠየቁም። ቀና ብለው ልብሳቸውን ሰበሰቡና ቦታ ለቀቁ። ቆፋሪው በኋላ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ «ምነው ቢሰድቡኝ» እያለ ተንሰቀሰቀ።

ከዚያ ወዲያ ማንኳኳቱ ባሰባቸው። ጠዋት የአንዱን ግድግዳ፣ ከሰዓት የሌላውን። ሰው መጀመሪያ ተማረረ፣ ቆይቶ ነው የገባው። ብቸኛ ሰው የሰው በር ለማንኳኳት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ «ምን ፈልገው ነው?» ይባላል። ግድግዳ ሲያንኳኳ ግን ባለቤቱ ራሱ ሮጦ ይወጣል። ከወጣ ይከራከራል። ከተከራከረ ሻይ ይፈላል። ወተት ያለበት ሻይ በብርጭቆ ይዘው፣ ቶሎ እንዳያልቅ ፉት ፉት እያሉ፣ ያ መሠረት እንዴት እንደተበላሸ ጸሐይ እስክታዘቀዝቅ ያስረዱሃል። ሲወጡ አውቃለሁ፣ ወደ ቤት አይሄዱም። ብስክሌታቸውን እየገፉ ከጣቢያው ጀርባ፣ ጥቋቁሮቹ ባቡሮች ዘንድ ይሄዳሉ። እነሱንም ያንኳኳሉ። የሚወጣላቸው የለም።

የምርጊት ጊዜ ደረሰ። ሁሉም የራሱን መረገ። የሳቸው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የምትጠራን ሐጃ ነበረች። ባለቤቱ ሳይጠራ የሰው ግድግዳ አይነካም፣ ያውም እበት አይነካኝም ብሎ የማለ ሰው ግድግዳ። እኔ ሐሰብን ጠበቅሁ፣ ሐሰብ ሌላውን ጠበቀ፣ እንዲሁ ስንጠባበቅ ደመናው መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት ወረደ። ግድግዳው እንደ ግመል ነው የወደቀው፤ መጀመሪያ በጉልበቱ፣ ከዚያ በሆዱ። ዝናቡ ሲያባራ መንገደኛ ሁሉ የባሽሙሐንዲስን ግቢ ቁልጭ አድርጎ ያይ ነበር። ሁለት የገመድ አልጋ። አንዱ ተነጥፏል። ሌላው ባዶውን ነው፣ ገመዱ ላልቶ መሃሉ መሬት ሊነካ ምን ቀረው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ድንኳን ገመድ ሲያጠብቁ የኖሩ ሰውዬ። አየንና ፊታችንን አዞርን።

ሐሰብ አርረሱል ያቺን ቀን ስንት ዘመን ጠብቋት ነበር። ግድግዳው የወደቀ ዕለት ሄጄ ሁለት ቃል እላቸዋለሁ፣ እጄን አጣምሬ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ እያለ ሲዝት የኖረ ነው። ሄደ። ፍርስራሹ ፊት ቆመ። አፉን ከፈተ። «እንኳን እርሶ ተረፉ ባሽሙሐንዲስ» አለና ዳቦ ሰጥቷቸው ተመለሰ።

ልጃቸው ኢዕቲማድ ሰምታ ከፖርት ሱዳን መጣች። አስተማሪ ናት፣ ነገር አታስረዝምም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔ ጋ ና ስትላቸው ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ግድግዳዬ ቆሞ ሳለ የትም አልሄድም ሲሏት። አሁን ግድግዳው የለም።

«አባ፣ ይሄ እኮ ቤት አይደለም፣ አደባባይ ነው» አለቻቸው ሁላችንም እየሰማን። «ውሻም ሌባም እንዳሻው ሲገባ አንተን እዚህ ጥዬ አልሄድም። ልብስህን ሰብስብ።»

«እሺ» አሉ።

ያኔ ነው የደነገጥነው። ባሽሙሐንዲስ ሲር አልኸቲም እሺ ሲሉ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ማታውን ሐሰብ ሊፈትናቸው ዳቦ ቤቱ ውስጥ አንድ መደርደሪያ አጣሞ ሰቀለ፤ ሰካራም የሰቀለው ይመስላል። መጥተው ዳቦ ገዙ፣ መደርደሪያውን አዩት፣ ደህና እደር ብለውት ወጡ። ሐሰብ ቤቴ መጣ፣ ፊቱ ዱቄት መስሏል። «ሰውየው እየሄዱብን ነው» አለኝ።

በነጋታው አካፋና ባልዲ ይዘን ሄድን፣ ፍርስራሹ ጋ ጭቃ አቦካን። ባለቤቱ ሳይጠራ ነውር ነው፣ ነውርነቱንም ይዘን ሄድን። ኢዕቲማድ ሻንጣ ታስራለች። እሳቸው የተነጠፈው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከጫማ እስከ ጥምጣም ለመንገድ ለብሰዋል። ሐሰብ ግድግዳውን ልናነሳው ነው አላቸው።

ተዉት አሉ። ቢነሳም ይወድቃል። ስሌቱ ነው ስህተቱ፣ ዘመኔን በሙሉ የተሳሳተ ስሌት ይዤ ሰው ሳስቸግር ኖሬያለሁ፣ አሉ። ድምጻቸው የሳቸው አይመስልም፤ እኔ እንኳን ልመስለው የማልችለው ድምጽ ነው።

ሐሰብ አልቻለም። «ስሌቱ ምንም አልሆነም፤ ሐጃ ናት እኮ በየዓመቱ እበቱን...» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። የኢዕቲማድ እጅ ሻንጣው ላይ ቀረ። እኔ የምገባበት ቀዳዳ ፈለግሁ፤ ግድግዳ የለም፣ የምደበቅበትም የለም።

ባሽሙሐንዲስ ወደ ሐሰብ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ አፍንጫ የለኝም ብለህ ነው?» አሉት።

ከዚያ ነገሩን ቀስ ብለው አወጡት። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቃሉ። የጓሮው ጭቃ መሽተት ሲጀምር ምክንያት ፈልገው ከቤት ይወጣሉ። ስራ ላይ ሳሉ ተረኛ ያልሆኑበትን ቀን እየለመኑ ይገቡ ነበር፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ጣቢያው ሄደው ባቡር የማይመጣበት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ ጨርሳ እስክትታጠብ ድረስ። ማታ ሲገቡ ሽንኩርት ተጠብሷል። ምን ይሸታል አይሉም፣ እሷም የት ዋልክ አትልም። ዝናቡ ሲያልፍ ሰፈሩን ሰብስበው ግድግዳውን ሲያስመርቁ ሐጃ መስኮቱ ጋ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ ስትሸፍን ያዩዋታል። ለሷ ነበር የሚያስመርቁት።

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን አልጠሩንም?» አልኩ እኔ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሞኝ ጥያቄ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ጫማቸውን አዩ።

«ዘንድሮም ሄጃለሁ» አሉ። «ጠዋት ወጥቼ ጸሐይ እስክትገባ ጣቢያው ተቀመጥኩ። ስመለስ ግድግዳው ደረቅ ነው።»

ባልዲ ያስቀመጠ እንኳን ድምጽ እንዳይሰማ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ኢዕቲማድ ሻንጣውን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋችው። ጫማዋን አወለቀች፣ ልብሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ያቦካነው ጭቃ ውስጥ ገባችና ረገጥ ረገጥ አደረገችው።

«አባ» አለች ቀና ሳትል። «ይሄ ነገር ውሃ በዝቶበታል መሰለኝ።»

እሳቸው ከተቀመጡበት አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ጭቃውን አዩ። ሐሰብን አዩ። ሲታገሉ ይታያል፣ ወላሂ ሲታገሉ ይታያል።

«በዝቶበታል ብቻ?» አሉና ተነሱ።

እንዲህ ያለ ስድብ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። የጭቃ ግድግዳ አንድ እርከን ይነሳል፣ ይደርቃል፣ ሌላው ይከተላል፤ በየእርከኑ አዲስ ስድብ ነበር። እኔ ጭቃ ሳቀብል እጄ እጅ ሳይሆን ማንኪያ ነው ተባልኩ። ሐሰብ የሰራውን ጥግ አስፈርሰው እንደገና አሰሩት፣ ሁለተኛውንም አስፈረሱት፣ እሱም እየሳቀ ያፈርስ ነበር፣ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። ኢዕቲማድ ግድግዳው ቁመቷን እስኪያልፍ ከረመች። ከዚያ ሻንጣዋን ብቻ ይዛ ተሳፈረች። አባቷ ሸኝተዋት ሲመለሱ አውቶብሱን ኳ ኳ አድርገው ሹፌሩን አናድደውት መጡ።

አሁን ይሄን የማወራችሁ ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጭቃው በየጓሮው መሽተት ከጀመረ ሰንብቷል። ዛሬ ጠዋት ባሽሙሐንዲስ ሲር አልኸቲም የታጠበ ጀለቢያ ለብሰው፣ ብስክሌታቸውን ይዘው ከግቢያቸው ወጡ። መንገዱ መሃል ቆሙ። ሰው ሁሉ በየበሩ አለ።

«ጣቢያ ነኝ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ከመግሪብ ሶላት በፊት አልመለስም።» ትንሽ ቆዩና አንድ በአንድ አዩን። «ግድግዳዬ ላይ እበት ባገኝ ነግሬያችኋለሁ።»

«አይነካም ባሽሙሐንዲስ» አልን።

ብስክሌቱ ላይ ወጡና ሄዱ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አንድ እግራቸውን መሬት አሳርፈው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ሳይዞሩ። ቆሙ፣ አሁንም ቆሙ። የረሱት ነገር አለ እንዴ አለ ሐሰብ በሹክሹክታ። እኔ ጀርባቸውን አየሁት። ቀኝ ትከሻቸው ወርዶ፣ ጆሯቸውን ወደ እኛ ሰጥተዋል።

ከእበቱ ክምር እፍኝ ሙሉ ዘገንኩና ግድግዳቸው ላይ ባለኝ ጉልበት ለጠፍኩት፣ እስከ ጥጉ እንዲሰማ አድርጌ።

ፔዳሉን ረገጡና ታጠፉ።